ደጅይጥኑ ትሙት

ጎሬ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ምንዋጋው፤ ሰቆጣ።

እንደምን ሰነበቱ? ልማድ ሆኖብኝ ጠየቅሁ እንጂ መልሱን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። «እንደ አንበሳ ነኝ» ይሉኛል። ጉንፋን ጥሎዎት ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ሲንቀጠቀጡ እንኳ አንበሳ ነበሩ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ እዚህ ኢሉባቦር ከገባሁ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ለጠየቁኝ ሁሉ መልሱ ይኸውና፤ ዳይሬክተር አይደለሁም። የትምህርት ሹምም አይደለሁም። መኪና አልተሰጠኝም። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሰባ አንድ ተማሪዎች አሉኝ፤ ሠላሳዎቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ነጋዴው ሸምሱ «አባትሽ ሹም ሆነች ብለውናልና የወንድሜን ልጅ ሥራ አስገቢልኝ» ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። እርስዎ ሰቆጣ ተቀምጠው ጎሬ ላይ ሾሙኝ። አስተማሪ መሆኔ ምን አነሰዎት?

እኔ ግን ሥራዬን ወድጄዋለሁ። ዝናቡ አያባራም፤ ቀሚሴን ሳይደርቅ እለብሰዋለሁ፤ ግድ የለኝም። ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አይጥ የተኛባቸው መጻሕፍት አግኝቼ እየጠረግሁ ነው፤ ለገና የንባብ ክፍል እከፍታለሁ። ሌላም ነገር ጀምሬአለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እውነት ጽፎ ይመጣል። በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የነካውን ብቻ። አንዲት ልጅ «የእናቴ እግር ይሸታል» ብላ ጽፋ መጣች። ከአሥር አሥር ሰጠኋት። እርስዎ ቢሆኑ «የእናቴ እግር ከርቤ ከርቤ ይላል» ብለው ይጽፉ ነበር።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «መሬታችን» የሚል ቃል አየሁ። የቱ መሬት? እኛ ከጓሯችን በቀር መሬት ኖሮን አያውቅም። እባክዎን ሳያስጌጡ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ደጅይጥኑ

*

ሰቆጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለቤቴ ምሰሶ፣ ለልጄ ለደጅይጥኑ፤

የሰቆጣ ሰው ትልቁም ትንሹም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደምን ሰነበተች ይልሻል። ገበያው ሁሉ ያንቺን ስም ነው የሚያነሣው። እኔ እንደ አንበሳ ነኝ። ዳይሬክተር አለመሆንሽን ለሰው አትንገሪ። ዛሬ ባትሆኚ ነገ ትሆኛለሽ። እኔ ቀደም ብዬ ተናገርሁ እንጂ አልዋሸሁም።

መሬቱን ላልሽው፣ በፃግብጂ መንገድ ከወይራው ሥር ያለውን እርሻ ታውቂዋለሽ። ያ ወለተ ሐና ለእኩል የምታሳርሰው። ክረምቱን ሙሉ ትውልድ ስቆጥር ከረምሁና ያ መሬት የአባቶቼ ርስት መሆኑን ደረስሁበት። ለወለተ ሐና ባል በጥግነት፣ ተጠግቶ ይረስ ተብሎ፣ የተሰጠ ነው። እሱ ሞቷል፤ ልጅ አልተወም፤ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው የአቅኚው ዘር እኔ ነኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባ ደሴ መሐል ሆነው፣

«እንግዲህ ምንዋጋው፣ ከአቅኚው እስከ አንተ ስንት ቤት ነው?» አሉኝ።

«ሰባት ቤት» አልሁ።

«ባለፈው ሳምንት አምስት አላልህም?»

«ያኔ ሁለቱ ሙታን ናቸው ብዬ ስማቸውን ላለማንሣት ነው።»

«ሌሎቹ አምስቱ በሕይወት አሉ?»

ሰው ሳቀ። አየሽ፣ ሽማግሌን እያሳቁ መርታት እንዲህ ነው። ወለተ ሐና ብቻ አልሳቀችም። ተነሥታ ነጠላዋን አደገደገችና በኽምጣኛ ተናገረች። «ከዚህ ሰው ምስክር አልጠይቅም፤ ምስክር ከአፉ ይፈጥራል። አንድ ልጅ አለችው። በሷ ይማልና ይውሰደው» አለች። ነገሩ ለሁሉም ተስማማ።

የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ፣ እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ፣ «ዋሽቼ እንደሆነ ደጅይጥኑ ትሙት» ብዬ ማልሁ። አባ ደሴም ፈረዱ። እስከ ፋሲካ ይጠበቃል። አንቺ ደህና ከሆንሽ መሬቱ የኔ ነው። ክፉ ካገኘሽ መሐላው ሐሰት ነው። ደህንነትሽ የሚታወቀው በየወሩ በእጅሽ ከጻፍሽው ደብዳቤ ነው። ሸምሱ እንደ ልማዱ ፖስታውን ከኮረም ያመጣና በሽማግሌዎቹ ፊት ያነበዋል። እኔ ላንብበው ብል፣ ምን እንደ ታያቸው እንጃ፣ እንቢ አሉ።

አይዞሽ፤ ኩፍኝ ያልጣለሽን ልጅ አንድ ቃል አይጥልሽም። በየወሩ ሁለት መስመር ትበቃለች። መሬቱም ዞሮ ዞሮ ላንቺው ነው።

አባትሽ ምንዋጋው

*

ጎሬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

አቶ ምንዋጋው፤

በዚህ ደብዳቤ ስለ ጤናዎ አልጠይቅዎትም።

አያትዎ ከላስታ ተሰደው የመጡ እንግዳ ሰው ናቸው። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የትንሣኤ ማግስት ጠላው ሞቅ አድርጎዎት፣ እያለቀሱ። ከአፍዎ የሰማሁት እውነት እሱ አንድ ብቻ ስለሆነ አልረሳሁትም። ሰባት ቤት የለም። አምስት ቤትም የለም። አቅኚ የሚሏቸውን ሰው ትናንት ከትናንት ወዲያ ወለዷቸው።

በችሎት አስተርጓሚ በነበሩበት ጊዜ እየመጣሁ ከበሩ ሥር እቀመጥ ነበር። ኽምጣኛውንም አማርኛውንም አውቅ ነበርና ሁለቱንም እሰማለሁ። ባላገሩ «አላየሁም» ብሎ አንዲት ቃል ሲናገር፣ በእርስዎ አፍ አልፋ ዳኛው ዘንድ ስትደርስ «በዚያን ዕለት ታምሜ ተኝቼ ነበር፣ ልጄም ምስክሬ ናት» ትሆናለች። ጉቦ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባኝ ነበር። አልተቀበሉም። «አላየሁም» የሚለው ቃል ራቁቱን የቆመ ስለሚመስልዎት ልብስ ሊያለብሱት ነው። አንዱን ሰው ያ ልብስ ሁለት ዓመት አሳሰረው። እርስዎ ግን ማታ እራት ላይ «ዛሬ አንድ ደኻ አዳንሁ» አሉኝ። እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ። የሌባ ልጅ ብሆን እመርጥ ነበር። ሌባ የሚሰርቀውን ያውቀዋል፤ እርስዎ የሚዋሹትን እንኳ አያውቁትም።

እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። «ጠበል ሄዳለች» አሉኝ። ይሁን፤ ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ጠበሏን አሳደጉት። ዛሬ ተሻላት፤ ዛሬ ተነሥታ ሄደች፤ ዛሬ ይህን ሻሽ ላከችልሽ። ሻሹን አስሬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እውነቱን የነገረችኝ ወለተ ሐና ናት። ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ እጇን ሳታቆም፣ «ልጄ፣ እናትሽ ሞታለች። ጠበሉ ውሸት ነው። ሻሹም ከሸምሱ ሱቅ ነው» አለችኝ። አልቅሼ ሳበቃ ጎንጉና ጨረሰችልኝ። እርስዎ አሁን መሬቷን ሊነጥቁ በኔ ነፍስ የሚምሉባት ሴት እሷ ናት።

ለመሆኑ ስንት ጊዜ ገድለውኛል? የበቅሎ ዋጋ ሲከራከሩ «ደጅይጥኑ ትሙት»። ቁርስ በልተው አልበላሁም ሲሉ «ደጅይጥኑ ትሙት»። ትንሽ ሳለሁ ስሜ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ነገ ዛሬ ሳይሉ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው ዋሽቻለሁ ይበሉ። ሸምሱ ሆይ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ አንድ ቃል ሳታስቀር አንብብላቸው። አባ ደሴም ይስሙ። መሐላው ሐሰት ነው። እኔ ልጁ መስክሬአለሁ።

ደጅይጥኑ

*

ሰቆጣ፣ ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለአንደበተ ርቱዕ ልጄ ለደጅይጥኑ፤

ደብዳቤሽ በጥምቀት ማግስት ደረሰ። ከወይራው ሥር ተቀምጠን ሸምሱ ከአናት እስከ እግሩ አነበበው። «ይህቺን ዝለላት» ብለው፣ «አታስቀር ብላለች» አለኝ። የሌባ ልጅ ብሆን ስትዪ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጠበሉ ላይ ስትደርሺ ግን ማንም አልሳቀም፤ እውነት ለመናገር እኔም ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርሁ።

ሸምሱ አጥፎ ሲያበቃ ወለተ ሐና ብድግ አለች።

«ይኸው! ልጅቱ ራሷ መሐላው ሐሰት ነው አለች። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

አባ ደሴ ጢማቸውን እየዳበሱ መለሱ። «ወለተ ሐና፣ የተማማልነው በልጅቱ ነፍስ ነው እንጂ በልጅቱ ቃል አይደለም። ቃል ቢበቃንማ መቼ ደጀ ሰላም እንሄድ ነበር? ነፍሷ አለች ወይ ነው ጥያቄው።» ወደ ሸምሱ ዞሩ። «እጇ ነው?»

«እጇ ነው።»

«እንግዲያው ደህና ናት። የሞተ እንዲህ አይሳደብም።»

ሰው ሁሉ እልል አለ። ጥር ተቆጠረልን! ያን ሁሉ ስድብ ብትልኪ ነው እንጂ እንዲያው «ደህና ነኝ» ብትዪ ኖሮ ይጠራጠሩ ነበር። እንዲህ ያለ አማርኛ እንደምትጽፊ አላውቅም ነበር፤ ኮራሁብሽ። «አንደበቷን ከኔ ወረሰች» አልኋቸው።

እስከ ፋሲካ የቀረን የካቲትና መጋቢት ናቸው። ደግሞ ስደቢኝ፤ ግድ የለም። ብቻ ጻፊ።

አባትሽ ምንዋጋው

*

ሰቆጣ፣ የካቲት 26 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለልጄ ለደጅይጥኑ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ሸምሱ ሁለት ጊዜ ኮረም ወርዶ ባዶ እጁን መጣ። መንገዱ ነው። እዚያ አገር ድልድይ ተሰብሯል አሉ። ማን አለ አትበዪኝ፤ ተብሏል።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪ። ሽማግሌዎቹ እንዳይጨነቁ ብዬ በአንቺ ስም ጥቂት መስመር ጻፍሁ። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለሸምሱ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ በሰው ፊት አገላብጦ አየው።

«አቶ ምንዋጋው፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው።»

«የአባትና የልጅ እጅ ይመሳሰላል» አልሁ።

«ወረቀቱ ከኔ ሱቅ ነው።»

«እኔ ነኝ የላክሁላት፤ እዚያ ወረቀት የለም።»

«እዚህ ላይ 'ዳይሬክተር ሆኛለሁ' ትላለች። በጥቅምት አስተማሪ ነኝ ብላ ጽፋልኝ አልነበር?»

«በጥር ተሾመች።»

አባ ደሴ ወረቀቱን ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት። ወለተ ሐና ደስ ይላታል ብዬ ዘወር ብዬ አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አጠገቤ መጥታ ቀስ ብላ፣ «ምንዋጋው፣ ልጅቱ የት ናት?» አለችኝ። «ጎሬ ናት፤ እንደ አንበሳ ናት» አልኋት።

ልጄ፣ ቂም ይዘሽ እንደሆነ ባዶ ወረቀት ላኪ። ስምሽን ብቻ ጻፊበት።

አባትሽ

*

ሰቆጣ፣ መጋቢት 24 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለደጅይጥኑ፤ እሷ ከሌለች ይህን ለከፈተው ሰው።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን ይታየሽ ናት፤ ከኋላዋ ሴቶች አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ገብተው ተቀመጡ።

«ምን ሰምታችሁ ነው?» አልሁ።

«ምንም አልሰማንም» አለች ይታየሽ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም ስላልሰማን ነው።»

«ደህና ናት!» ብዬ ጮኽሁ። «እሺ» አሉኝ። አንዲቷ እንኳ «ውሸት ነው» ብላ አልተከራከረችኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲከራከረኝ ነው የኖርሁት፤ እንዲህ ያለ «እሺ» ሰምቼ አላውቅም። ከቶ ምን ልበላቸው? አፌ ላይ «ጠበል ሄዳለች» የሚል መጣብኝ። ዋጥሁት።

ያን ቀን ሄጄ ከሚካኤል ደጅ ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎቹን አስጠራሁ። «ዋሽቻለሁ» አልሁ። «አያቴ ከላስታ የመጣ እንግዳ ነው። ሰባት ቤት የለም። መሬቱ የወለተ ሐና ነው። ዘር የለኝም፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ በአፌ ገደልኋት። መልሱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርሻውን ዞረው ድንበሩን አጸኑላት። ዳግመኛ ይህን ነገር የሚያነሣ ውጉዝ ይሁን ብለው ካህኑ አወገዙ። እኔም አሜን አልሁ። ወለተ ሐና አላመሰገነችኝም። መሬቷን ተቀብላ አለቀሰች።

የጎሬ ሰው ሆይ፣ ማንም ብትሆን፣ የት እንደ ቀበራችኋት ጻፍልኝ።

ምንዋጋው

*

ጎሬ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

አለሁ። አልታመምሁም። ድልድይም አልተሰበረም።

ደብዳቤዎችዎ ሁሉ ደርሰውኛል። የጥሩን ሳነብ «የሞተ እንዲህ አይሳደብም» የምትለዋ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ቁጭ አድርጌ ብዙ አሰብሁ። እውነቱን ብጽፍ መኖሬን መመስከር ነው። መኖሬ ለእርስዎ መመስከር ነው። እውነት ተናግሬ ወለተ ሐናን የማድንበት መንገድ ባጣ ዝም አልሁ። የየካቲቱ ሲመጣ ከትከት ብዬ ሳቅሁ። «በጥር ተሾመች»! ለአስተማሪዎቹ ሁሉ አነበብሁላቸው። ይበለው አልሁ፤ እኔ በር ላይ ሁለት ዓመት ቆሜአለሁ፣ እሱ ሁለት ወር ይቁም አልሁ። የመጋቢቱን ግን ለማንም አላነበብሁም።

ሁለት ወር ዋሸሁ፣ አባቴ። ያውም አንድ ቃል ሳልናገር። የሚያስጠላኝ ቅለቱ ነው። ውሸት ብዙ ድካም ያለበት ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ዓርብ ዓርብ ሰባ አንድ ልጆች እውነታቸውን ይዘው ሲመጡ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። ሰው ሁሉ «አንደበቷን ከአባቷ ወረሰች» ቢል አሁን እውነት ነው እላለሁ።

ይሁንና አልጸጸትም። ድንበሩ ጸንቷል፤ ግዝቱ ተነግሯል። እሱ እስኪሆን ነው የጠበቅሁት። ከሚካኤል ደጅ የተናገሩትን በተናገሩበት አፍዎ ይቆዩ። እንዲያ ሆነው ከቆዩ፣ በክረምቱ ዕረፍት መጥቼ ጉልበትዎን እስማለሁ።

ለወለተ ሐና እንዳስለቀስኋት ይቅር ትበለኝ ይበሉልኝ።

ደጅይጥኑ

*

ሰቆጣ፣ ግንቦት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለደጅይጥኑዬ፣ ከመቃብር ለተነሣሽው፤

እልል በይ! ሸምሱ ደብዳቤሽን ይዞ ከበቅሎው ላይ ሳይወርድ ነው የጮኸው። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አቀኑ። እኔ በበኩሌ መኖርሽን ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። የመጋቢቱ ነገር ብልኃት ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ለማለዘብ ነው። ያለቀስሁትም ብርቱካን ልጣጭ ዓይኔ ላይ ጨምቄ ነው።

አሁን ተመልከች። አለሽ። ካለሽ መሐላው አልያዘሽም። ካልያዘሽ መሐላው እውነት ነበር ማለት ነው። መሐላው እውነት ከሆነ ደግሞ ዋሽቻለሁ ያልሁት ነው ውሸቱ! ይህን ለአባ ደሴ ባስረዳቸው ግዝቱን ጠቀሱልኝ። «የሚያነሣው ውጉዝ ነው የተባለው፤ እኔ አላነሣሁትም፤ ልጅቱ ስትነሣ አብሮ ተነሣ» አልኋቸው። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ሽማግሌ እንቀመጣለን ተባብለናል። አንዲት ደብዳቤ ላኪልኝና እንጨርሰው። ሰባት ቤቱን አሁን በደንብ አስታውሼዋለሁ።

አባትሽ ምንዋጋው

*

ጎሬ፣ ሰኔ 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

አቶ ምንዋጋው፤

ብርቱካን በመጋቢት ሰቆጣ የለም።

ነገሩን ቢያነሡ ዳግመኛ አልጽፍም። ሰቆጣ ሁሉ ሞተች ይላል፤ መኖሬን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ፤ እርስዎን ደግሞ የሚያምን የለም። የመጀመሪያው ዝምታ ከበደኝ። ሁለተኛው እንደማይከብደኝ ከእርስዎ ተምሬአለሁ።

በክረምቱ እመጣለሁ ያልሁትን ትቼዋለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ በእኔ አይማሉ። በቀልድም፣ በበቅሎ ዋጋም፣ በበሉት ቁርስም። መማል ካማረዎት የራስዎ ነፍስ አለችዎት። «ምንዋጋው ይሙት» ይበሉ። እስቲ በርስዎ ነፍስ ሲሆን ምን ያህል እንደሚደፍሩ እንየው።

ደጅይጥኑ

*

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ልጄ፤

ነገሩን ትቻለሁ። ለአባ ደሴ ነግሬአቸዋለሁ። ከወይራው ሥር ጤፍ ተዘርቷል፤ ሄጄ አየሁት። ስመለስ መንገድ ላይ አቃተኝና ተቀመጥሁ። ሸምሱ በበቅሎው ጭኖ አስገባኝ።

ሆዴ አብጧል። እህል አይወርድልኝም። ይታየሽ ታሟል ብላ ለሰው ስትናገር፣ «ምንዋጋው ነው የታመመው? ደግሞ የማንን መሬት ፈልጎ ነው?» ይሏታል። የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ወለተ ሐና መጥታ ነበር። ከበሩ ቆማ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ገብታ ውኃ ሰጠችኝ።

ሌላ የምጽፈው አጣሁ። ብትመጪ ጥሩ ነበር። አሞኛል። ምንዋጋው ይሙት።

አባትሽ

*

ጎሬ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ደጋግሜ አነበብሁት። መጀመሪያ እንደ ሰቆጣ ሰው ነው ያሰብሁት፤ ደግሞ የማንን መሬት ፈልጎ ነው አልሁ። ሸምሱን ልጠይቀው፣ ወለተ ሐና ከበሩ ቆማ ምን አየሽ ልበላት ብዬ ብዕር አነሣሁ። መልሱ እስኪመጣ ወር ይሆነዋል። ተውሁት።

ነገ በማለዳ በጭነት መኪና ወደ ጅማ እነሣለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮረም። ከኮረም ወዲያ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል አሉ፤ በቅሎ ባገኝ በበቅሎ፣ ባላገኝ በእግሬ ነው። ይህ ወረቀት ከኔ ይቅደም ወይም እኔ ልቅደመው አላውቅም።

እውነት ከሆነ ተኝተው ይጠብቁኝ፤ አይነሡ፤ ወለተ ሐና አጠገብዎ ትሁን።

ውሸትዎ ከሆነ ከደጅ ቆመው ይቀበሉኝ።

ደጅይጥኑ